የተማሪ መታወቂያውን ማሽኑ ለምን አልቀበልም አለ? (የሥራ ማስታወሻ)

ኅዳር 15፣ ሰኞ ማታ

የእህቴ ልጅ የሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ናት። ለተማሪዎች በነፃ የሚሰጥ የፕሮግራሚንግ መሣሪያ ጥቅል ለማግኘት ኦንላይን አመለከተች። ተማሪ መሆንሽን አረጋግጪ ተባለች። መታወቂያዋን ፎቶ አንስታ ላከች። ሰነዱን የሚያየው ሰው ሳይሆን ማሽን ስለሆነ መልሱ ወዲያው መጣ። አልተረጋገጠም። ደግማ ላከች፣ ያው ነው።

«ጋሼ፣ ተማሪ አይደለሽም እያለኝ እኮ ነው» ብላ ሱቅ መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

ሱቄ ግቢው በር አጠገብ ነው። ጽሕፈት፣ ፕሪንት፣ ስካን፣ የኮምፒውተር ጥገና እንሠራለን። ይህን ችግር ይዞ የሚመጣው ተማሪ እሷ ብቻ አይደለችም። አብዛኞቹ ሁለት ሦስቴ ሞክረው ይተዉታል። ስለዚህ የእሷን ጉዳይ ከሥሩ ልፈትሸውና እየሠራሁ ልመዝግበው አሰብኩ። ለሌሎቹም ይሆናል።

ነገሩ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ጥቅሉ ይገዛ ቢባል ክፍያው በዶላር ነው። ልጅቷ የዶላር ካርድ ከየት ታመጣለች? ነፃው ካልተፈቀደላት የዚህን ሴሚስተር ፕሮጀክት የምታስኬድበት ሰርቨር የላትም።

የመጣላትን ኢሜይል አብረን አነበብነው። ሦስት «ሊሆን ይችላል» ተደርድረዋል። ስሙ ከአካውንቱ ጋር አልተመሳሰለ ይሆናል። ሰነዱ የዘንድሮ ተማሪ መሆኗን አላሳየ ይሆናል። ምስሉ አልተነበበ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ግን አይናገርም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ተስማማን። ምክንያቱን ሳናውቅ ከእንግዲህ አንልክም። ደጋግሞ የላከን ሰው አገልግሎቱ ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋበታል። ፍተሻው እዚሁ ሱቅ ውስጥ ይለቅና ከዚያ እንልካለን።

ኅዳር 16

ዛሬ ምስሉ ላይ ብቻ ሠራን። ቀላሉ እሱ ስለሆነ።

የላከችውን ፋይል ከፍቼ አየሁት። በስልኳ አንስታ፣ በቴሌግራም ለጓደኛዋ ልካ፣ ከጓደኛዋ ላፕቶፕ ነው አፕሎድ ያደረገችው። ቴሌግራም ደግሞ በፎቶነት የተላከን ምስል ያሳንሰዋል። ለዓይን ምንም አይመስልም። የመታወቂያው ደቃቅ ጽሑፍ ግን ተበልቷል። በፋይል መልክ ቢላክ እንዳለ ይደርስ ነበር። ይህን ሁሉም ተማሪ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። እኛ አገር ሰነድ የሚዘዋወረው በቴሌግራም ነው።

ሌላው ላሚኔቱ ነው። ፍላሹ ፕላስቲኩ ላይ አርፎ የቀኑን ቦታ አንጸባርቆበታል። መታወቂያውን ስካነር ላይ አስተኝቼ በ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አደረግኩት። ስካነር ለሌለው መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ አጥፍቶ፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ ጨርቅ አንጥፎ ማንሳት ይበቃል። አራቱም ጠርዞች መታየት አለባቸው። ብዙ ልጆች «ይመርልኝ» ብለው ዳር ዳሩን ይቆርጡታል። ማሽኑ ካርድ መሆኑን የሚለየው በጠርዙ ስለሆነ መቁረጡ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ዛሬ ዋናው ነገር ተገኘ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ እኛ መታወቂያውን ስናይ የሚታየንን እናውቃለን፤ ማሽኑ ሲያይ ምን ይታየዋል? ይህን ለመገመት ቴሴራክት የተባለውን ነፃ ኦሲአር ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩ። ኦሲአር ማለት ምስል ላይ ያለን ጽሑፍ አንብቦ ወደ ፊደል የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ቴሴራክት በ1980ዎቹ በኤችፒ ቤተ ሙከራ ተጀምሮ በ2005 እ.ኤ.አ. ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። አማርኛ የሚያነብበት ፋይልም አለው፣ ለብቻው ይጫናል።

መጀመሪያ ስካኑን በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያነበው አደረግኩ። ፊደላችንን ስለማያውቅ «አላውቀውም» ብሎ አያልፍም። በግድ ወደሚያውቀው ይለውጠዋል። «ሀ» የእንግሊዝኛው ዩ ይሆናል። «ዐ» ዜሮ ይሆናል። ከላይ በትልቁ የተጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም የፊደልና የቁጥር ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ። የተቋሙ ስም በእንግሊዝኛ ያለው ዓርማው ውስጥ ነው፤ ክብ ዞሮ፣ በጣም ደቅቆ። እሱን ጨርሶ አላየውም።

ቀጥሎ አማርኛውን ጨመርኩለት። አሁን የዩኒቨርሲቲውን ስም ከነዲፓርትመንቱ ከሞላ ጎደል አነበበው። አማርኛ ፋይል ለጫነ ማሽን ፊደላችን ይነበባል ማለት ነው። የተቸገርነው አማርኛ ባልተጫነለት ማሽን ነው።

ስሟ በእንግሊዝኛ ስለታተመ በሁለቱም ዙር በትክክል ወጣ።

ከዚያ የቀኑን መስመር አየሁት። ቁጥር ስለሆነ ማሽኑ አንድም አልተሳሳተም። «የሚያገለግለው እስከ 30/10/2018» ይላል። እዚህ ላይ ቆም አልኩ።

ለእኛ ይህ ሰኔ 30 ቀን 2018 ነው። ገና ወራት ይቀሩታል። በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 7 ቀን 2026 ይውላል። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ለማያውቅ ማሽን ግን 30/10/2018 ማለት ኦክቶበር 30 ቀን 2018 ነው። በእሱ ስሌት መታወቂያው ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ልጅቷ በዚያን ጊዜ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች!

ስለዚህ ማሽኑ «ጊዜው ያለፈበት ሰነድ» ይላል። ሰነዱ ግን ትክክል ነው፣ ልጅቷም ተማሪ ናት። መታወቂያው የተጻፈው አቆጣጠሩን ለሚያውቅ አንባቢ ነበር፤ አሁን የማያውቅ አንባቢ እጅ ገባ።

ነገሩን ላስፋው ብዬ ሌሎች ቀኖችም ሞከርኩ። ጥቅምት 30 ቀን 2018 በቁጥር 30/02/2018 ነው። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ማሽኑ «የማይሆን ቀን» ብሎ ይጥለዋል። ጳጉሜን ደግሞ ይብሳል። ጳጉሜን 3 ቀን 2017 በቁጥር 03/13/2017 ይሆናል። ወሩን በሚያስቀድመው በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ይህ ማርች 13 ቀን 2017 ተብሎ ያለችግር ይነበባል። የፌብሩዋሪው ቢያንስ ስህተት መሆኑ ይታያል። ይሄኛው ግን ትክክል መስሎ ያልፋል።

ሱቅ ውስጥ ፕሪንት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ስንነጋገር ሰምቶ «ታዲያ በፎቶሾፕ 2018ን 2026 ማድረግ ነዋ» አለን። አይሆንም አልኩት። የተቋምን ሰነድ መነካካት ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው፣ ወንጀል ነው። ከተደረሰበት አካውንቱ ይዘጋል፣ ጉዳዩ ትምህርት ቤት ድረስም ይመጣል። ከዚህም በላይ መታወቂያው ላይ የሚታረም ነገር የለም። 2018 ትክክለኛ ዓመት ነው። የጎደለው ከጎኑ የሚቆም ትርጉም ነው። እሱን ደግሞ መስጠት የሚችለው ራሱ ሬጅስትራር ነው።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ዛሬ ስም።

አካውንቱን ስትከፍት የመጀመሪያ ስም በሚለው ቦታ የራሷን፣ የመጨረሻ ስም በሚለው የአባቷን ጻፈች። ሁላችንም የምናደርገው ነው። መታወቂያው ላይ ግን ስሟ እስከ አያት ነው። ለማሽኑ የመጨረሻው ቃል የአያቷ ስም ነው፤ አካውንቱ ላይ ደግሞ የአባቷ። በዚህ ብቻ ሊጥላት ይችላል።

ሌላም አለ። የአባቷ ስም በ«ወልደ» ይጀምራል። ለምሳሌ ወልደ ጊዮርጊስ ብንል፣ መታወቂያው ላይ በእንግሊዝኛ ተነጣጥሎ እንደ ሁለት ቃል ተጽፏል። እሷ አካውንቱ ላይ አጋጥማ እንደ አንድ ቃል ጽፋዋለች። ገብረ፣ ኃይለ፣ ወልደ፣ ተክለ ያለበት ስም ሁሉ ይህ ችግር አለበት። ሰው ሲያነበው አንድ ስም መሆኑን ያውቃል። ማሽን ግን ቃል ነው የሚቆጥረው።

መፍትሔው አንድ ነው። አካውንቱን ወደ ሰነዱ ማምጣት። ሰነዱን መለወጥ ከባድ ነው፣ አካውንቱን ማስተካከል ግን የደቂቃ ሥራ ነው። መታወቂያው ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል፣ ክፍተቱም ሳይቀር ገለበጥነው። የራሷ ስም በመጀመሪያው፣ የቀረው ሁሉ በመጨረሻው ሳጥን። «ጋሼ፣ ግን እኔ ስሜን እንዲህ አልጽፈውም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የእንግሊዝኛ ስፔሊንጉን ስትመዘገብ የሞላው የቢሮ ሰው እንጂ እሷ አይደለችም። ለጊዜው ግን ሰነዱ የሚለውን እንከተል ተባባልን። ለፓስፖርት ስትመዘገብም ይኸው ስፔሊንግ እንዲያዝላት መክሬያታለሁ። ዲግሪውና ፓስፖርቱ በሁለት ዓይነት ስፔሊንግ ሲወጡ የሚመጣውን ጣጣ ውጭ አገር ትምህርት ያመለከተ ሰው ያውቀዋል።

ፋይዳዬን ልላከው ወይ ብላም ጠይቃኛለች። ፋይዳ ካርድ ላይ የትውልድ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ታትሟል። የተማሪ መታወቂያም እንዲያ ቢታተም እኔና እሷ ይህን ሁሉ ባልደከምን። ነገር ግን ፋይዳ ማንነትን እንጂ ተማሪነትን አያረጋግጥም። የማይጠቅም ቦታ የብሔራዊ መታወቂያ ቁጥርን መበተንም ጥሩ አይደለም። እምቢ አልኳት።

ነገ ኅዳር ጽዮን ነው፣ ሱቅ አንከፍትም።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ሬጅስትራር ሄድን። ማመልከቻ ጽፈን ገባን። ጠያቂዋ ተማሪ መሆኗን የሚገልጽ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ፣ በእንግሊዝኛ።

የቢሮው ኃላፊ ትልቅ ሴት ናቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው በትዕግስት ሰሙኝ። የመታወቂያውን ቀን አሳይቼ «እሜቴ፣ ይቺ 2018 እኮ እዚያ ማዶ ሌላ ዓመት ነች» ስላቸው ገባቸው። «የኔ ልጅ፣ ስንቱን ልጅ ለዚህ መልሰነዋል!» አሏት ለእህቴ ልጅ። የተለመደው ደብዳቤ ግን በአማርኛ ነው፤ የእንግሊዝኛው የሚሰጠው ውጭ ለሚሄድ ብቻ ነበር። ያንኑ አሻሽለን እንሥራው ተባለ።

ደብዳቤው ውስጥ እንዲገባ የጠየቅነው ይህ ነው። የተቋሙ ሙሉ ስም በእንግሊዝኛ፣ ከላይ፣ በቀጥታ መስመር። ስሟ መታወቂያው ላይ እንዳለው። የመታወቂያ ቁጥር፣ ዲፓርትመንት፣ ስንተኛ ዓመት እንደሆነች። የትምህርት ዘመኑ በሁለቱም አቆጣጠር። የተጻፈበት ቀንም በሁለቱም፣ ወሩ በቃል እንጂ በቁጥር አይሁን። የዛሬው ቀን ዲሴምበር 1 ቀን 2025 ነው። 01/12/2025 ተብሎ ቢጻፍ አሜሪካዊው ማሽን ጃንዋሪ 12 ብሎ ያነበዋል፤ ያ ደግሞ ያለፈው የትምህርት ዘመን ነው። ከአንድ ወጥመድ ወጥተን ሌላ ውስጥ እንገባ ነበር።

ሁለት ነገር እዚያው ቢሮ ውስጥ አየሁ። አንደኛው፣ የወጪ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ከላይ በነጠብጣቡ ላይ በእስክሪብቶ የሚሞላው መዝገብ ቤት ነው። የእጅ ጽሑፍ ለማሽን ከባድ ነው። ስለዚህ ቀኑ በደብዳቤው ዋና ጽሑፍ ውስጥም ታትሞ እንዲደገም ለመንኩ። ሁለተኛው ማህተሙ ነው። ማህተም ፊርማና ቲተር (የኃላፊው ስም ያለበት ማህተም) ላይ ማረፍ አለበት፣ ደንብ ነው። ግን ወይን ጠጁ ቀለም ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ይሸፍናል። ኃላፊዋ ራሳቸው ፊርማውን ትንሽ ዝቅ አድርገው ማህተሙ ባዶ ቦታ እንዲያርፍ አደረጉ። እግዜር ይስጣቸው።

ኅዳር 23

ደብዳቤውን ስካን አድርጌ በቴሴራክት አነበብኩት። ስም፣ ተቋም፣ ሁለቱም ቀኖች፣ ሁሉም ወጣ። በእንግሊዝኛው ብቻ።

በዚያው የቢሮውን ኮምፒውተር ነገር ላንሳ። ኃላፊዋ ኮፒ ይሁናችሁ ብለው ፒዲኤፉንም በፍላሽ ሰጥተውን ነበር። ከዚያ ፒዲኤፍ ላይ የአማርኛውን የራስጌ ጽሑፍ ኮፒ አድርጌ ሌላ ቦታ ስለጥፈው የእንግሊዝኛ ፊደል ኮተት ሆኖ ወጣ። ስክሪን ላይ ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ምክንያቱ ፎንቱ ነው። ዩኒኮድ ማለት ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል መለያ ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው የእኛን ቅርጽ ያስቀምጡበታል። ዓይን አማርኛ ያያል፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግን እንግሊዝኛ ነው። አንዳንድ ማሽን ፒዲኤፍ ሲቀበል ምስሉን ትቶ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ፒዲኤፉን አልላክንም። ማህተምም ስለሌለው ለነገሩ ዋጋ የለውም። የታተመውንና ማህተም ያረፈበትን ስካን ብቻ ይዘናል።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

የመላኪያ ቀን። ከመላካችን በፊት ሁለት ነገር አየን።

ቪፒኤን። ያለንበትን አገር ደብቆ ሌላ አገር ያለን የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ልጆቻችን ከፍተው ይረሱታል። የእሷም ስልክ ላይ ነበር። ገጹ የምትገኝበትን ቦታ ይጠይቃል። ትምህርት ቤቱ ኢትዮጵያ፣ ተማሪዋ አምስተርዳም ሆና ከታየች ማሽኑ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። አጠፋነው። በግቢው ዋይፋይ ቢሆን ይሻላል ብለን ላፕቶፑን ይዘን ቤተ መጻሕፍት በረንዳ ላይ ተቀመጥን።

ኢሜይል። ዩኒቨርሲቲው የሰጣት ኢሜይል አለ፣ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ ከፍታው አታውቅም። ፓስወርዱን በአይሲቲ ቢሮ አስቀይረን አካውንቱ ላይ ጨመርነው። እዚህ ላይ አንድ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። የአገር ምልክት ያልተጨመረበት «ዶት ኢዲዩ» የሚለው የአድራሻ መጨረሻ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሰጠው እውቅና ላላቸው የአሜሪካ ተቋማት ነው። የእኛዎቹ «ዶት ኢዲዩ ዶት ኢቲ» ናቸው። በ«ኢዲዩ» የሚያልቅ ብቻ የሚቀበል ቅጽ ሲያጋጥም የእኛ ተማሪ ኢሜይል ትክክል ሆኖ ሳለ ይወድቃል። ይሄኛው ቅጽ ደግነቱ ተቀበለው።

ከዚያ መታወቂያውንና ደብዳቤውን ጎን ለጎን አድርገን በአንድ ምስል ላክን። የሰነዱ ዓይነት በሚለው ቦታ «የምዝገባ ማረጋገጫ ደብዳቤ» የሚለውን መረጥን እንጂ «መታወቂያ» አላልንም። ማሽኑ ቀን የሚፈልገው በተመረጠው ሰነድ ላይ ይሆናል ብለን ስላሰብን።

መልሱ ከቤተ መጻሕፍቱ ሳንነሳ መጣ። ተቀባይነት አግኝቷል። ልጅቷ ጮኸች፣ ጥበቃው ዘወር ብለው አዩን።

ኅዳር 28፣ እሑድ

የቀሩ ነገሮች።

ፈቃዱ ዘላለማዊ አይደለም፣ ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ማረጋገጥ አለ። ያኔ መታወቂያው 2019 ይላል፣ ችግሩም አብሮ ይታደሳል። የደብዳቤውን ቅጽ ኃላፊዋ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬላቸዋለሁ፤ በዩኒኮድ ፎንት፣ ሁለቱም ቀን እየተሞላ እንዲወጣ። የሚቀጥለው ዓመት መታወቂያ ሲታተምም የእንግሊዝኛው የተቋም ስም ተለቅ ብሎ፣ የማብቂያው ቀን በሁለት አቆጣጠር እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቁ ብለውናል። ማመልከቻውን የተማሪዎች ኅብረት ልጆች እያረቀቁት ነው። ረቂቁን በነፃ እጽፍላቸዋለሁ ብያለሁ።

ሌላው የድረ ገጽ አድራሻ ጉዳይ ነው። ጄትብሬይንስ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት አንድ ኢሜይል የትምህርት ተቋም መሆኑን ለመለየት የሚያገለግል፣ ስዎት የሚባል የተቋማት አድራሻ ዝርዝር የፕሮግራመሮች ኮድ ማጋሪያ በሆነው በጊትሃብ ላይ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያኖራል። ለእያንዳንዱ ተቋም አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለ፣ ውስጡ የተቋሙ ስም ይጻፋል። የኢትዮጵያ ተቋማት «ኢቲ» በሚለው ማኅደር ሥር ናቸው። የጎደለ ካለ ማንም ሰው ጭማሪ ማቅረብ ይችላል። ኮሌጃቸው ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ልጆች ይህን ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። የእህቴ ልጅ እንዴት እንደሚቀርብ ታሳያቸዋለች፣ ለእሷም ልምምድ ነው።

ነገ ጠዋት አንድ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ይመጣል። የሚማረው በሌላ ተቋም ነው፤ መታወቂያው ላይ የእንግሊዝኛ ስም ጭራሽ የለም። መጀመሪያ ከሬጅስትራር ደብዳቤ ያመጣል፣ ከዚያ አካውንቱን በደብዳቤው ስፔሊንግ እናስተካክላለን። እስከዚያ ምንም እንዳይልክ ነግሬዋለሁ።